ጠበልና መድኃኒት፦ አእምሮው ስለታወከ ወንድም

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፍልዎ ከሰላ ድንጋይ አካባቢ ነው። ወንድሜ የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደሙ ከተገኘ አራት ዓመቱ ነው፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይወስዳል። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማል፤ "ጎረቤት ሊመርዘኝ ነው" እያለ እህል እንቢ ብሏል፤ ሌሊት አይተኛም። ዘመድ ጻድቃኔ ማርያም ጠበል እንውሰደው ይላል። ጠበልና ኪኒን አብሮ አይሄድምና መድኃኒቱን ያቁም የሚሉም አሉ። ርኩስ መንፈስ ይሆን? ምን እናድርግ?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን። እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ኪኒኑን አታስቁሙት። ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና ይበዛል፣ አእምሮንም ይጎዳል፤ መድኃኒቱን የሚቋቋም ሆኖ ሊመለስም ይችላል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉንና የኤች አይ ቪውን መድኃኒት አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። ሕዝቅያስም ጸሎቱ ከተሰማለት በኋላ እንኳ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግለት አዝዟል (2ነገ. 20፥7)። ሲራክም በምዕራፍ 38 መጸለይን ካዘዘ በኋላ ለባለ መድኃኒት ስፍራ ስጠው ይላል።

በእኛ አገር ድምፅ የሰማ ሁሉ ዓይነ ጥላ አለበት ይባላል። ቤተ ክርስቲያን ርኩስ መንፈስ የለም አትልም፤ ነገር ግን ማቴ. 4፥24 አጋንንት ያደረባቸውን ከሌሎቹ ሕሙማን ለይቶ ይቆጥራል። ቫይረሱ በደሙ ባለ ሰው ላይ እንዲህ ያለ መታወክ በድንገት ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የአንጎል በሽታ ነው፤ በተለይ ሲዲ ፎሩ (በሽታ የሚከላከሉት የደም ሴሎች ቁጥር) ከወረደ ክሪፕቶኮከስ የሚባለው በፈንገስ የሚመጣ የማጅራት ገትር፣ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ፣ የአንጎል ቲቢ። ቂጥኝም ወደ አንጎል ይዘልቃል። መድኃኒትም መንስኤ ይሆናል፦ ኢፋቪሬንዝ የሚባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ቅዠትና መታወክ ያመጣል፣ ለቲቢ መከላከያ የሚሰጠው አይሶናያዚድም አልፎ አልፎ እንዲሁ። ለዚህ መፍትሔው ሐኪሙ መድኃኒቱን እንዲቀይረው መጠየቅ ነው እንጂ ሁሉንም ጥሎ ጠበል መሄድ አይደለም።

ስለዚህ ከጻድቃኔ በፊት ሆስፒታል። ትኩሳት፣ የበረታ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ የአንገት መገተር፣ የሚጥል በሽታ፣ ወይም ቀኑንና ሰውን መለየት ካቃተው ሳታድሩ በዚያው ቀን ውሰዱት። የሚውጠውን ሁሉ ከነማሸጊያው ያዙ፤ ባለፉት ሁለት ወራት ምን እንደተጨመረለት፣ አረቄና ጫት ይቀምስ እንደሆነም ሳትደብቁ ንገሩ። ከጀርባ የሚወሰደው ፈሳሽ ሽባ ያደርጋል የሚባለውን አትስሙ፤ ክሪፕቶኮከስ የሚለየው በደምና በዚህ ምርመራ ነው። ለአእምሮው መድኃኒት ሲታዘዝለት ኤ አር ቲ (የኤች አይ ቪውን መድኃኒት) እንደሚወስድ ይታወቅ፤ ለሚጥል በሽታም የሚሰጠው ካርባማዜፒን፣ ዶሉቴግራቪር የሚባለውን የኤች አይ ቪ መድኃኒት ኃይል ይቀንሰዋል። ለአእምሮ መታወክ የሚሰጠውን ሃሎፔሪዶል ጀምሮ አንገቱ ከተጠመዘዘ ወይም ዓይኑ ወደ ላይ ከቀረ የመድኃኒቱ ጉዳት ነው፤ ቶሎ ይመለስ። ብዙ ጊዜ ይህን አይተው "መንፈሱ ተገለጠ" ይላሉ።

ሐኪሙ ከፈቀደና ከተረጋጋ ጠበሉን ይጠመቅ፣ ይጠጣ። ዶሉቴግራቪር ያለበት ኪኒን በባዶ ሆድም በምግብም ይወሰዳል፤ ማታ 2 ሰዓት ቢያደርገው ከጠዋቱ ጠበል ጋር አይጋጭም። ኪኒኑ ከነጠርሙሱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፣ ጠበል እንዳይነካው፤ ከሚቆይበት ቀን አንድ ሳምንት የሚተርፍ ይያዝ። አረቄ ያዘወተረ ሰው ጠበል ገብቶ በድንገት ሲያቆም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሊንቀጠቀጥና ሊቃዥ ይችላል፤ ይህም ሕክምና የሚሻ አደጋ ነው። በሰንሰለት ማሰር፣ መግረፍ፣ እህል መከልከል የለም። የደሙን ነገር ለአጥማቂና ለጎረቤት ማውራት የእናንተ ፈንታ አይደለም። ኃጢአቱ ነው ለሚሏችሁም እርሱ ወይም ወላጆቹ ኃጢአት አልሠሩም የሚለው ዮሐ. 9፥3 ይበቃል።

ጾም በሕመም ላይ ላለ ሰው ይቀልለታል፤ የንስሐ አባቱ ይወስኑ። ለቅዱስ ቁርባን 18 ሰዓት መጾም ስለሚገባ የመድኃኒቱን ሰዓት አስቀድሞ ለንስሐ አባቱ ይንገር፤ ከቅዳሴ በኋላ የሚውጥበትን ሰዓት ከኤ አር ቲ ክፍሉ ጋር ተነጋግሮ ማስተካከል ይቻላል።