«ሰንፏል» ከማለታችሁ በፊት

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሜ በስኳር በሽታ ምክንያት እግሩ ከጉልበት በታች ከተቆረጠ ወራት አልፈዋል። ሆስፒታል ከጎኑ ተኝቶ የነበረ፣ እንደ እሱው የተቆረጠ ሰው አሁን በሰው ሠራሽ እግር እየተራመደ ሥራውን ጀምሯል። የኛው ግን አልጋውን የሙጥኝ ብሏል። ቤተሰቡ «ሰንፏል» እያለ ይቆጣዋል። እውነት ስንፍና ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ቁጣውን ተዉት። የተቆረጡበት ቦታ አንድ ስለሆነ ማገገማቸውም አንድ መሆን አለበት ያለው ማነው? ያ ሰውዬ የተኛው ደሞዙ እየገባለት ይሆን? ቤቱ ደረጃ አለው? ፊዚዮቴራፒ የሚያመላልሰው ሰውስ? ይህን ሳታውቁ ሁለቱን ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው።

የተቆረጠ እግር መጀመሪያ ያብጣል፣ ከዚያ እየሟሸሸ ይሄዳል፤ ቅርጹ እስኪረጋ ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ዛሬ ልክክ ያለው ሰው ሠራሽ እግር ከወራት በኋላ ይሰፋና ቆዳውን እየፈተገ ይልጠዋል። ማስተካከል ይቻላል፣ ግን ማስተካከል ማለት ምልልስ ነው፣ ምልልስ ደግሞ የትራንስፖርት ገንዘብና ከሥራው የሚቀር አጃቢ ይፈልጋል። ይህ የሌለው ሰው ምን ያደርጋል? አውልቆ ጥግ ያስቀምጠዋል፤ ከውጭ ለሚያየው ሰው ስንፍና ይመስላል። ደግሞ አንዴ ከተገዛ አለቀ እንዳትሉ፣ በየጥቂት ዓመቱ ይቀየራል።

ምግቡም እንዲሁ ነው። ፕሮቲን ያነሰው፣ ስኳሩ ያልተስተካከለ ሰው ቁስሉ ቶሎ አይጠግም። በዚያ ላይ በሰው ሠራሽ እግር መራመድ ከወትሮው የበለጠ ጉልበት ይጨርሳል፣ ቢደክመው አይግረማችሁ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን (ይሄ የኔ አስተያየት ነው) ቤት ሲያስተዳድር የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ እጅ ጠባቂ መሆኑ ነው። ድብርት ከመቆረጥ በኋላ የተለመደ ነው፣ ይታከማልም። እንቅልፍ ካጣ፣ ሰው ማየት ከጠላ ለሐኪሙ ንገሩ። «የሌለው እግሬን ያመኛል» ካለም አላበደም፤ ሕመሙ እውነተኛ ነው፣ መድኃኒትም አለው።

አንቺ ደግሞ እስቲ ብቻችሁን ስትሆኑ «ምንድን ነው የሚከለክልህ?» ብለሽ ጠይቂው። ምናልባት የታክሲ ሂሳብ ለመጠየቅ አፍሮ ይሆናል። ሆስፒታሉ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ካለው አነጋግሩ፣ ቀጠሮዎቹን በአንድ ቀን እንዲያደርጉላችሁም ጠይቁ። አሠሪው ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ይኖረው እንደሆነ ዛሬውኑ ማጠያየቅ ይሻላል፣ ቦታው በሌላ ሰው ከተያዘ በኋላ ይከብዳል።

ለምቾቱ ብላችሁ ከጉልበቱ ሥር ትራስ የምታደርጉ ከሆነም አንሱት። ጉልበቱ እንደታጠፈ ከቀረ ሰው ሠራሽ እግር ቢመጣም መራመድ ይቸግረዋል። የቀረውን እግር መዳፉንና የጣቶቹን መሃል በየቀኑ እዩለት፤ ትንሽ ቁስል ካያችሁ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ውሰዱት።