«አንፌርሊ» የት ትግባ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምጽፍልዎት ከሐዋሳ፣ ታቦር ነው። ፋብሪካ ውስጥ ስፌት ላይ ነኝ። ባለፈው ወር ታምሜ 3 ቀን ቀረሁ። የሐኪም ወረቀት ባስገባም ደሞዜ ተቆረጠ። አለቃዬ የውጭ ዜጋ ስለሆኑ በእንግሊዝኛ አቤቱታ ጀመርኩ፦ «አይ አም አንፌር» ብዬ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ አይታ በሳቅ ሞተች። ምኑ ነው ስህተቱ?

መልስ፦ ልጅቷ ወዳ አልሳቀችም። «አይ አም አንፌር» ማለት «እኔ አድሎኛ ነኝ» ማለት ነው። ተበዳይዋ በዳይ ሆነሽ ቁጭ አልሽ! የፈለግሽው «አንፌርሊ»ን ነው፤ «ያላግባብ» እንደምንለው። እሷ ደግሞ ከግስ ጋር ነው የምትሄደው። «ማይ ፔይ ዋዝ አንፌርሊ ከት» ብትይ ደሞዜ ያላግባብ ተቆረጠ ነው። አድራጊውን ካስቀደምሽ ወደ መጨረሻ ትሄዳለች፦ «ዘይ ትሪትድ ሚ አንፌርሊ»፣ ያላግባብ አስተናገዱኝ ማለት ነው።

«ሮንግሊ» ሌላ ናት። የሌላ ሰው ቅጣት በስህተት ባንቺ ስም ሲመዘገብ እሷን ጥሪ። «አንጀስትሊ» ከበድ ትላለች፤ ንጹሕ ሰው ሲታሰር ዓይነት ናት። ለ3 ቀን ደሞዝ እኔ አላወጣትም። ደግሞ አንድ ቀን «ኖት አንፌርሊ» የምትል ካጋጠመችሽ እንዳትደነግጪ፦ «ሰዎች ተቹት፣ ኖት አንፌርሊ» ሲባል ትችቱ እውነት አለው ማለት ነው። እንግሊዞች እንዲህ ዙሪያ ጥምጥም ይወዳሉ።

ግን እህቴ፣ በአንድ ቃል የሚራራ አለቃ አላየሁም። ከ«አንፌርሊ» ቀጥሎ ማስረጃሽን ደርድሪ፦ የቀረሽበትን ቀን፣ የሐኪም ወረቀቱን ያስገባሽበትን ቀን፣ የተቆረጠውን ብር። መታመምሽን በማግስቱ አሳውቀሽ ከሆነ እሱንም ጻፊ፤ ሕጉ ይጠይቃል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሕመም ሲቀር ለመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደሞዙን ያገኛል። ይቺን አንቀጽ በአማርኛም ቢሆን ከደብዳቤው ጋር አያይዢያት። ደሞዝ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳልና ነገ ዛሬ አትበይ። ደብዳቤውን በ2 ኮፒ አውጪ፤ ቀሪው ላይ ተቀባዩን አስፈርመሽ ያዢ።

«ዲር ሰር» ከማለትሽ በፊት ግን አለቃሽ ሴት አለመሆኗን አረጋግጪ። እሱን አልነገርሽኝም።