መጋቢያችን የእድር ሊቀመንበር ሆኑ፤ ልክ ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጸጋና ሰላም ይብዛልዎ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ባፕቲስት ነን። መጋቢያችን የእድር ሊቀመንበር ሆነዋል። ውሃ ሲጠፋ ወረዳ የሚመላለሱት እሳቸው ናቸው። አሁን ደግሞ ነዋሪው ለምክር ቤት ይወዳደሩልን እያላቸው ነው። የሐዋርያት ሥራ 6 ላይ ሐዋርያት ቃሉን ትተን ማዕድ አናገለግልም ብለው የለ? ሌላ ቤተ ክርስቲያን ልሂድ እያልኩ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ከጠቀስሽው ክፍል ልጀምር። ሐዋርያት ማዕዱ ይቅር አላሉም። መበለቶች በዕለት ምግብ ተረስተው ነበር፤ ስለዚህ ሰባት ሰዎች ተመርጠው፣ ተጸልዮና እጅ ተጭኖባቸው ተሾሙ። ከሰባቱ እስጢፋኖስንና ፊልጶስን እያቸው። ለማዕድ የተሾሙ ናቸው፣ ወዲያው የምናነበው ግን ወንጌል ሲመሰክሩ ነው።

ስለ አንድ ባፕቲስት መጋቢ ልንገርሽ። አዳም ክሌይተን ፓወል ይባላል። የልጁም ስም ያው ስለሆነ አባትየው እያልኩ እቀጥላለሁ። በ1865 እ.ኤ.አ. ቨርጂኒያ ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ወጣት እያለ ቁማርተኛ ነበር፣ 20 ዓመት ገደማ ሲሆነው ኦሃዮ ውስጥ ጌታን ተቀበለ። በ1908 የኒው ዮርኳ አቢሲኒያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ሆነ። ይቺ ቤተ ክርስቲያን በ1808 የተመሠረተችው ጥቁር ምእመናን ለብቻችሁ ተለይታችሁ ተቀመጡ ሲባሉ እምቢ ብለው በመውጣታቸው ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴም በ1954 ሄደው ጎብኝተዋታል።

አባትየው ገና ሲጀምር በቤተ ክርስቲያኗ ዙሪያ ያሉ የሴተኛ አዳሪ ቤቶች እንዲዘጉ ታገለ። ጥቁሩ ሕዝብ ሃርለም ወደሚባለው የኒው ዮርክ ሰፈር ሲጎርፍ ቤተ ክርስቲያኗን ይዞ ተከተለው፣ በ1923 አዲሱ ሕንፃ እዚያ ተመረቀ። በ1930 ሥራ አጥነቱ ሲከፋ ከራሱ ደመወዝ አውጥቶ ለተራበው የነጻ ማዕድ አስከፈተ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ታዲያ መድረኩ ባዶ አልቀረም። በኋላ ናዚዎች የሰቀሉት ጀርመናዊው የነገረ መለኮት ሊቅ ዲትሪክ ቦንሆፈር በዚያው ሰሞን ተማሪ ሆኖ ኒው ዮርክ ነበር። ነፍሱ የጠገበችው በዚያች ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሰንበት ትምህርት ቤትም ያስተምር ነበር።

በ1937 ልጅየው ተተካ። ጎበዝ ሰው ነበር። ለጥቁር ሥራ ከማይሰጥ ሱቅ አትግዙ ብሎ ሃርለምን አሰለፈ። በ1941 ሕዝቡ አውቶቡስ እንዳይሳፈር አስተባብሮ ኩባንያዎቹ ጥቁር ሾፌሮችና መካኒኮች እንዲቀጥሩ አስገደዳቸው። በ1945 የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሆነ፣ በ1961 የትምህርትና የሠራተኛ ጉዳይ ኮሚቴውን ሊቀመንበርነት ያዘ፣ ለድሃ የሚጠቅም ብዙ ሕግም በዚያ ኮሚቴ በኩል አለፈ። መጋቢነቱን ግን አልለቀቀም። ከዚያ ከሥራ መቅረቱ በዛ፣ በመንግሥት ገንዘብ አያያዝ ስሙ ተነሳ፣ በ1967 ምክር ቤቱ ወንበሩን ከለከለው። በ1969 ጠቅላይ ፍርድ ቤት እገዳው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ፈርዶለታል። ጥቁር ባይሆን እንዲያ አይዘምቱበትም ነበር የሚሉ አሉ፣ እኔም እስማማለሁ። ግን የሚመርጠው ሕዝብና እሑድ እሑድ ተቀምጦ የሚሰማው ሕዝብ አንድ ከሆነ፣ ሲሳሳት ማን ደፍሮ ይገሥጸው?

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ። በእናንተ በኩል ሌሊት ውሃ መጣ ሲባል እናቶች ቢጫ ጀሪካን ይዘው ከአራተኛ ፎቅ ሲወርዱ በዓይኔ አይቻለሁ። ጠዋት ጸሎት ላይ የሚያንቀላፉትም እነሱ ናቸው። መጋቢ ይህን አይቶ ዝም ካለ ምኑን እረኛ ሆነ? እዚሁ አገራችንም መካነ ኢየሱስ በ1972 ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በጻፈችው ደብዳቤ ወንጌልንና ልማትን አትነጣጥሉብን ብላለች። እድሩም ቢሆን የጎረቤት ለቅሶና ደስታ ያለበት ቦታ ነው። መጋቢሽ እዚያ በመገኘታቸው ጌታን አመስግኚ።

ምክር ቤቱ ግን ሌላ ነው። እሱ ላይ ካንቺ ጋር ነኝ። የፓርቲ እጩ የሆነ መጋቢ ከመድረክ ሲናገር ግማሹ ሰው የሚሰማው ፓርቲውን ነው። ከተጠሩ ይሂዱ፣ ኃጢአት አይደለም፤ መጋቢነቱን ግን አስረክበው ይሂዱ።

ቤተ ክርስቲያን ለመቀየር አትቸኩዪ። መጀመሪያ ቀጠሮ ይዘሽ ራሳቸውን አነጋግሪያቸው። ስብከት የሚያዘጋጁት መቼ ነው? የእድሩ ገንዘብ ማን ዘንድ ነው? ወረዳ ሲሄዱ ከሽማግሌዎች ማን አብሯቸው ይሄዳል? ብቻቸውን ከሆኑ ጥፋቱ የእናንተም ነው፤ ሰባቱን የመረጠው ጉባኤው ነበር። በሚቀጥለው የአባላት ስብሰባ ላይ የውሃውን ጉዳይ የሚከታተሉ ሁለት ሦስት ሰዎች ይመረጡ በይ፣ ያንቺንም ስም አስመዝግቢ።