«በጸሎታችን ተራዘመ»፦ ቀን ተቆርጦ ሲቀር ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። ታናሽ ወንድሜ ባጃጅ ነጂ ነበር። በስልኩ የሚከታተለው አንድ ሰባኪ «ዓለም በጳጉሜን 3 ያልፋል» ብሎ ቀን ቆረጠ። ወንድሜ ባጃጁን ሸጦ ብሩን ለሰባኪው ሰጠ። የሩፋኤል ዕለት ዝናብ ዘነበ፤ የሰፈር ልጆች ጠበል ነው እያሉ ሲራወጡ ዋሉ፤ ቀኑም አለፈ። በማግሥቱ ሰባኪው «በጸሎታችን ተራዘመ፣ እንደ ነነዌ» አለ። ወንድሜ አሁን ይተዋል ስል ጭራሽ ባሰበት። «አይቀርም፣ አይራዘምም» ያለበት ድምፅ ስልኬ ላይ አለ። ባሰማው ተቆጥቶ ይወጣል። ቀኑ ቀርቶ እምነቱ እንዴት ይጠነክራል? ደግሞስ እኛም «ስምንተኛው ሺህ» እንል የለ? ልዩነታችን ምንድን ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወንድምሽ ሞኝ አይደለም። ጌታውን ለማየት የቸኮለ ልጅ ነው። ይህን ካልያዝን የቀረው ወሬ አይጠቅመውም።

እሱ የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 ቺካጎ አካባቢ ጥቂት ሰዎች ከሌላ ዓለም መልእክት ይደርሰኛል የምትል ሴት ተከትለው ነበር። ዲሴምበር 21 ምድር በጎርፍ ትጠፋለች፤ እኛን ግን ከሰማይ የሚወርድ መንኮራኩር ይወስደናል ብለው ሌሊቱን ቁጭ ብለው ጠበቁ። የመጣ የለም። ሊነጋጋ ሲል ሴትዮዋ አዲስ መልእክት አወጣች፦ ይህች ትንሽ ጉባኤ ስላበራችው ብርሃን ዓለም ከጥፋት ተረፈ። የወንድምሽ ሰባኪ ያለው ይህንኑ ነው። ለጥናት ብለው ተከታይ መስለው የገቡ ሰዎች አብረው ተቀምጠው ስለነበር ነገሩ ተጽፎ ቀረ። እስከዚያች ሌሊት ጋዜጠኛ ይሸሹ የነበሩት ሰዎች፣ ከነጋ በኋላ ራሳቸው ጋዜጣ ቤት እየደወሉ ያወሩ ጀመር።

ለምን? የከፈሉት ብዙ ስለነበር ነው። ወንድምሽ «ሰባኪው ተሳሳተ» ካለ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል «ባጃጄን በከንቱ ሸጥኩ» ነው። እሱን ማለት ሞት ሆኖበታል። ድምፁን ስትከፍችለት እሱ የሚሰማው የራሱን ኪሳራ ነው። ስለዚህ ልጄ፣ ድምፁን አታጥፊው፤ ግን ለጊዜው አታሰሚው።

እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የአሜሪካው የዊልያም ሚለር ነገር ነው። ገበሬ ነበር፤ ኋላ ሰባኪ ሆነ። በትንቢተ ዳንኤል 8፥14 ያለውን 2300 ቀን ዓመት አድርጎ ቆጠረው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ457 ዓመት ተነሥቶ፣ ጌታ እ.ኤ.አ. ከማርች 1843 እስከ ማርች 1844 ባለው ጊዜ ይመጣል አለ። አልሆነም። ተከታዮቹ ሒሳቡን አርመው ኦክቶበር 22 ቀን 1844 አሉ። ድንቹን ከመሬት ሳያወጣ የተወ ገበሬ ነበር። ምርትን መሬት ውስጥ ትቶ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ጎጃም ለተወለደ ሰው አይነገረውም።

ያም ቀን አለፈ። ከተከታዮቹ አንዱ ሂራም ኤድሰን፣ እስኪነጋ ድረስ እንዳለቀሱ ጽፏል። በማግሥቱ ጠዋት ይኸው ሰው የበቆሎ ማሳ አቋርጦ ሲሄድ አንድ አሳብ መጣለት። ቀኑ ልክ ነው፤ የተሳሳትነው ቦታውን ነው አለ። ጌታ በዚያ ቀን የገባው በሰማይ ወዳለችው መቅደስ ነው እንጂ ወደ ምድር አይደለም አለ። ይህ ትርጓሜ ሥር ሰደደ፤ ከዚያ እንቅስቃሴም እ.ኤ.አ. በ1863 የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን ተቋቋመች። ሚለር ራሱ ግን «ተሳስቻለሁ» ብሎ በግልጽ ተናገረ። ጌታ ይመጣል ማለቱን እስኪሞት አልተወም። በትምህርት አንገናኝም፤ ለዚያች አንዲት ቃል ግን አከብረዋለሁ።

ሌሎቹም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። የይሖዋ ምስክሮች የምንላቸው ሰዎች ቀዳሚዎች እ.ኤ.አ. 1914ን የዓለም መንግሥታት መጨረሻ ብለው ጠብቀው ነበር። ሲያልፍ፣ ክርስቶስ በዚያ ዓመት በሰማይ በማይታይ ሁኔታ ነገሠ ተባለ። በ1925 እነ አብርሃም ከሞት ተነሥተው ይመጣሉ ተባለ፤ አልመጡም። ከዚያ በኋላ እንኳ፣ በ1929፣ ካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ ውስጥ እነሱ የሚያርፉበት ተብሎ ቤት ተሠራ። አሜሪካዊው ሃሮልድ ካምፒንግ ሜይ 21 ቀን 2011 ብሎ ዓለምን አስጨነቀ። ሲያልፍ «ፍርዱ መንፈሳዊ ነበር» አለና ቀኑን ወደ ኦክቶበር አዛወረ። እ.ኤ.አ. በ2012 ግን ቀን መቁረጡ ኃጢአት እንደነበር አምኖ ጻፈ። ያኔ ዕድሜው 90 ነበር። በ90 ዓመት «በደልኩ» ማለት ከባድ ነው።

አንድ ነገር ልብ በዪ። «በማይታይ ሁኔታ ሆኗል» የተባለን ነገር ማንም መጥቶ ሐሰት ነው ሊልሽ አይችልም። «በጸሎታችን ተራዘመ»ም እንደዚያው ነው። ሰባኪው ከዚህ ወዲያ አይሳሳትም። ቀኑ ቢደርስ ትንቢቱ ደረሰ፤ ቢቀር ጸሎቱ ሠራ። የማይሳሳት ሰው ደግሞ ንስሐ አይገባም። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ነነዌን መጥቀሱ በጣም ከንክኖኛል። የነነዌ ሰዎች ከንጉሡ ጀምሮ ማቅ ለብሰው ተመለሱ፤ እግዚአብሔርም ራራ። የተለወጠው ከተማው ነው። እዚህ ግን ማን ተመለሰ? ሰባኪው ጳጉሜን 2 ላይ «ከጸለያችሁ ይራዘማል» ብሎ ነበር? አንቺ እንደምትዪው «አይራዘምም» ነው ያለው። ደግሞ የነነዌን ጥፋት እግዚአብሔር ራሱ ዮናስን ልኮ ነው ያስነገረው። ስለ ምጽአት ቀን ግን ጌታ ሐዋርያቱን እንኳ «አብ በገዛ ሥልጣኑ ያደረገውን ወራትንና ዘመናትን ታውቁ ዘንድ ለእናንተ አልተሰጣችሁም» ነው ያላቸው። ለጴጥሮስና ለዮሐንስ ያልተሰጠ ለዚህ ሰባኪ በስልክ ተሰጠው?

አሁን ወደ እኛ ቤት። እውነቱን መነጋገር አለብን፤ እኛም ንጹሕ አይደለንም።

ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዘመን እንላለን። በላዩ 2018 ሲደመር 7518 ዓመተ ዓለም ነው። ሰባተኛው ሺህ የሞላው በ1500 ዓ.ም. ነበር። ዐፄ ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሆነው የነገሡበት ዓመት ነው። 7000 ሲሞላ ዓለም ያልፋል የሚል ፍርሃት በሌሎች አገሮችም ነበር። ሩስያዎች አቈጣጠራቸው ከእኛ ትንሽ ስለሚለይ 7000 የሞላላቸው እ.ኤ.አ. በ1492 ነው። የፋሲካ ማውጫ ሠንጠረዣቸው እዚያ ላይ ያልቅ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ማስላት አላስፈለጋቸውም። ዓመቱ መጣ፣ ሄደ። የቤተ ክርስቲያናቸው አለቃ ሜትሮፖሊታን ዞሲማ ቁጭ ብለው የቀጣዮቹን ዓመታት ፋሲካ አሰሉ። እኔ ይህን ታሪክ እወደዋለሁ። ዓለም አላለፈችም፤ እንግዲህ ምእመናን መቼ እንደሚጾሙ ይወቁ ማለት ነው።

እኛ ስምንተኛው ሺህ ከገባን 518ኛ ዓመታችን ነው። በዚህ መሐል የግራኝ ጦርነት መጥቷል። ያኔ የጣና ገዳማት መነኮሳት መጨረሻው ደረሰ ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል? ዛሬ ግን ገበያ ላይ ሽንኩርት ሲወደድም «ስምንተኛው ሺህ!» ነው። ቃሉ የምሬት ቃል ሆነ። ቁጥሩን ረስተን ፍርሃቱን ብቻ ያዝን።

የቴዎድሮስንም ነገር አትርሺ። ፍካሬ ኢየሱስ የሚባለው የትንቢት መጽሐፍ፣ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ይመጣል ይላል። የቋራው ካሣ በ1847 ሲነግሡ ስሙን ወሰዱ። በ1860 መቅደላ ላይ ሞቱ። «እውነተኛው ገና ነው» ብለው የሚጠብቁ ዛሬም አሉ። ስለዚህ ጎረቤት ላይ ጣት ከመቀሰር በፊት የራሳችንን ጓዳ እንይ።

ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው ላልሽው፣ ልዩነቱ ሒሳቡን ለምን እንደምንጠቀምበት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ማስላት ታውቃለች። በዘመን መለወጫ መሪጌታው ባሕረ ሐሳቡን፣ የበዓላትና የአጽዋማት ስሌቱን፣ ሲያውጅ ሰምተሻል። 5500 ሲደመር 2018፤ ለአራት ሲካፈል ሁለት ይተርፋል፤ ዘመኑ ማርቆስ ነው። እንዲህ እያለ ይወርድና ጾመ ነነዌ ጥር 25 ይገባል ብሎ ይጨርሳል። ያ ሁሉ ስሌት መቼ እንደምንጾምና መቼ እንደምንፈስክ ለማወቅ ነው። ዓለም መቼ እንደምታልፍ የሚል ስሌት ቤተ ክርስቲያን አላስተማረችንም። ጸሎተ ሃይማኖት ላይ «ይመጣል» እንላለን፤ ቀን የለበትም።

አንዳንዱ «እናንተም በየጊዜው ትተረጉማላችሁ» ይላል። አዎ፣ አንዱን ቃል በብዙ መንገድ የምንፈታበት አንድምታ አለን። ግን መምህራኑ «አንድም፣ አንድም» የሚሉት አስቀድመው፣ ተማሪው ፊት ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚመጣ «አንድም» ትርጓሜ አይደለም፤ ማምለጫ ነው።

ወንድምሽን ምን እናድርግ? አትሳቂበት፤ ሰፈርም እንዲስቅበት አታድርጊ። «ብለንህ ነበር» የሚለው ቃል ከቤታችሁ ይጥፋ። እናታችሁንም ለምኚልኝ። ባጃጁን አታንሡበት። ቁጭ ብሎ መዋሉ ግን ይብቃ። በተሰሎንቄ «የጌታ ቀን ደርሷል» የሚል ወሬ ሰዎቹን ሲያናውጥ፣ ሥራ የፈቱም ሲበዙ፣ ቅዱስ ጳውሎስ «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» ብሎ ጻፈላቸው። ስለዚህ ትንሽም ቢሆን ሥራ ፈልጉለት፤ ለጓደኛው ባጃጅ በፈረቃ ቢነዳ እንኳ ጥሩ ነው። እጁ ሲሠራ ልቡ ይረጋል። አንድ ቀን ራሱ «ያ ድምፅ አለ?» ብሎ ይጠይቅሻል። ያኔ ስጪውና ከክፍሉ ውጪ፤ ብቻውን ይስማው።

ደብረ ዘይት ዘንድሮ መጋቢት 6 ይውላል። ማቴዎስ 24 ይነበባል፤ «ጌታችሁ በምን ሰዓት እንዲመጣ አታውቁምና እንግዲህ ንቁ» የሚለው። ስለ ምጽአት የሚናፍቅ ልጅ ያን ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቢሆን ደስ ይለኛል። ለቅዳሴ ይዘሽው ነይ። ከቅዳሴ በኋላ በሐይቁ በኩል ካለው ዋርካ ሥር እቀመጣለሁ። ስለ ባጃጁ አልጠይቀውም።