በፖንደሮሳ ጥድ ደን ውስጥ ወፍ ማየት፦ ጥያቄና መልስ

በኦሪገን፣ ከካስኬድ ተራሮች በስተምሥራቅ፣ ሲስተርስ በምትባል ትንሽ ከተማ ዙሪያ ስላሉት የደን መንገዶች ለጠየቃችሁኝ ሁሉ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ፖርትላንድ ነው። መቼ ልምጣ?
መልስ፦ ጁን ላይ ና። ወፎች የሚንጫጩት ጎህ ሲቀድ ነው። መንገዱ ሦስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ ማታውኑ መጥተህ እደር።

ጥያቄ፦ ራሱ ነጭ የሆነው ግንደ ቆርቁር የት ይገኛል? ሁለቴ ሄጄ አጣሁት።
መልስ፦ እህቴ፣ ሽቅብ ብቻ እያየሽ ይሆናል። ይህ ወፍ የጥድ ዘር ስለሚወድ ያረጁ ትልልቅ ፖንደሮሳዎች ያሉበትን ቦታ ፈልጊ። የወጣቶቹ ቅርፊት ጠቆር ይላል፣ የአሮጌዎቹ ብርቱካናማ ነው፤ ጠጋ ብለሽ ብታሸቺው ቫኒላ ቫኒላ ይላል። ጎጆውን ግን የሚቦረቡረው በደረቀ ግንድ ላይ ነው፣ ብዙ ጊዜም ዝቅ ብሎ። ስለዚህ ጉቶውን ሁሉ እይ። ማጅራቱ ላይ ቀይ ካለው ወንዱ ነው። ሌላው ዘዴ ውሃ ነው። ተራሮቹ ዝናቡን በምዕራብ በኩል ስለሚያስቀሩት ይህኛው ወገን ደረቅ ነው። ኮልድ ስፕሪንግስ ካምፕ ምንጩ አጠገብ ዝም ብለሽ ብትቀመጪ ወፉ ራሱ ይመጣልሻል። እኔ ከመዞር መቀመጥን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ የተቃጠለ ደን ውስጥ ደግሞ ምን ወፍ አለ?
መልስ፦ እንዴት አይኖርም! በ2003 ቢ ኤንድ ቢ የተባለው ቃጠሎ እዚሁ አካባቢ 90,000 ኤከር ገደማ በላ። እሳት ባለፈበት ደን ጥንዚዛ በሞቱት ዛፎች ላይ እንቁላል ይጥላል። ጀርባው ጥቁር የሆነው ግንደ ቆርቁር ከእንቁላሉ የሚፈለፈለውን ትል ፍለጋ ይመጣል። ዓመታት ሲያልፉ እሱ ይሄድና የሉዊስ ግንደ ቆርቁር ይተካል፤ ይሄኛው ነፍሳትን አየር ላይ ይቀልባል። ነፋስ ካለ ግን አትግቡ፣ የተቃጠለ ዛፍ ሳያስጠነቅቅ ይወድቃል።

ጥያቄ፦ ወፉን ለመጥራት ድምፁን በስልክ ባሰማስ?
መልስ፦ በጎጆ ወቅት ተው። ተቀናቃኝ የመጣ መስሎት ጫጩቶቹን ትቶ ይሯሯጣል።

ጥያቄ፦ ኔትወርክ አለ?
መልስ፦ አብዛኛው ቦታ የለም። የፎረስት ሰርቪስን ካርታ ቀድመህ አውርድ፣ ነፃ ነው። ሜርሊን የተባለው አፕም የአካባቢውን ወፎች አስቀድመህ ከጫንክበት ያለ ኔትወርክ ድምፅ ይለያል።

ጥያቄ፦ ትንሽ መኪና ይገባል?
መልስ፦ በዋናዎቹ የጠጠር መንገዶች፣ በረዶው ከቀለጠ፣ አዎ። ትርፍ ጎማህን አየው፤ ቤንዚን ሲስተርስ ላይ ሙላ።