ሞስ ልታጠኑ ላሰባችሁ ልጆች

ሞስን፣ ያንን እርጥብ ቦታ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚበቅለውን ትንሽ አረንጓዴ ተክል፣ ላጥና ስትሉ መጀመሪያ የሚያስመርራችሁ ሁሉም አንድ መምሰሉ ነው። አይዟችሁ። እኔን ከሰማችሁኝ በፖሊትሪኬሲ ቤተሰብ ጀምሩ፤ ተለቅ ተለቅ ያሉ ናቸው፣ ለዓይንም አያስቸግሩም። ከእነሱ አንዱ የሆነው ዳውሶኒያ ሱፐርባ ግማሽ ሜትር ይደርሳል። ለሞስ ይሄ ጉድ ነው! ግንዳቸው መሀል ላይ ውሃ የሚያሳልፉ ሴሎች መኖራቸው ነው እንዲህ እንዲረዝሙ የሚያግዛቸው።

ስልክ አውጥታችሁ ፎቶ እያነሳችሁ አፕ የነገራችሁን ስም አትለጥፉ። የሚለያቸው ነገር ብዙ ጊዜ ፎቶው ላይ የለም።

ይልቅ አንድ ቅጠል ወስዳችሁ በሹል ምላጭ አግድም በስሱ ቁረጡና ማይክሮስኮፕ ስር አድርጉት። የአብዛኛው ሞስ ቅጠል ውፍረቱ አንድ ሴል ብቻ ነው። የእነዚህ ግን ላይኛው ገጽ ላይ አረንጓዴ ስስ ግድግዳዎች ልክ እንደተከፈተ መጽሐፍ ገጾች ተደርድረው ቆመዋል። አሁን የእያንዳንዱን ግድግዳ ጫፍ እዩ። ጫፉ ላይ ያለው ሴል አናቱ መሀል ላይ ጎድጎድ ካለ ፖሊትሪከም ኮሙኔ ነው፤ ድፍን ከሆነ ፖሊትሪከም ፎርሞሰም የሚባለውን ጠርጥሩ። ከውጭ ሲታዩ እኮ ሁለቱ መንታ ነው የሚመስሉት።

ጂነሱን (የሚቀራረቡ ዝርያዎች የሚመደቡበትን ወገን) ለመለየት ደግሞ የስፖር፣ ማለትም ሞስ የሚራባበት ብናኝ፣ ከረጢቱ አለላችሁ። ማዕዘን ካለው ፖሊትሪከም፣ ድቡልቡል ከሆነ ፖጎናተም ሊሆን ይችላል። ቅጠሉ ሞገድ ሞገድ የሚል፣ ግድግዳዎቹም ጥቂት ከሆኑ አትሪከም ነው። የከረጢቱን አፍ የከበቡት ጥርሶች አብዛኛውን ጊዜ 32 ወይም 64 ናቸው፣ የተሠሩትም ከሙሉ ሴሎች ነው። የአብዛኞቹ ሌሎች ሞሶች ጥርስ የሴል ግድግዳ ቅሪት ነው፤ ቤተሰቡን ለብቻው ካስመደቡት ነገሮች አንዱም ይሄው ነው።

ስም ሲቀያየር አትናደዱ። የሞስ ተመራማሪው ሄድዊግ ከሞተ በኋላ በ1801 እ.ኤ.አ. በታተመው ሥራው ላይ የተመሠረተው ስያሜ ዛሬም ይነካካል፤ ፎርሞሰም ራሱ ወደ ሌላ ጂነስ፣ ወደ ፖሊትሪካስትረም፣ ተወስዶ በኋላ በዲኤንኤ ጥናት ተመልሷል። ስለዚህ ናሙናውን ያዙ። ፕላስቲክ ውስጥ ይሻግታል፣ የወረቀት ፖስታ ይሻላል። ላዩ ላይ ቦታውን፣ ቀኑን፣ አፈር ላይ ይሁን ድንጋይ ላይ መብቀሉን ጻፉ፣ ያውም እዚያው ቆማችሁ፣ በእርሳስ።