ባንኩን ለቅቄ ፒላተስ ላሠለጥን ነው፤ ባለቤቴ ግን አኩርፏል

ጥያቄ (አጥሮ የቀረበ)፦ 34 ዓመቴ ነው። ሰንጋ ተራ በሚገኝ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት፣ ብድር ክፍል 9 ዓመት ሠርቻለሁ። ተቆራርጦ 42,000 ብር እጄ ይገባል። ከሁለት ዓመት ወዲህ ከሥራ በኋላ በሳምንት ሦስት ምሽት ካዛንቺስ አካባቢ ባለ ጂም ፒላተስ (ሆድንና ጀርባን የሚያጠነክር፣ በዝግታ የሚሠራ የሰውነት እንቅስቃሴ) አሠለጥናለሁ። አሁን ሙሉ ጊዜዬን ልሰጠው ወስኛለሁ፤ አዲሱ አለቃዬም አላስቀምጥ ብሎኛል። ባለቤቴ «ፒላተስ ደግሞ ሥራ ነው?» ብሎ ካኮረፈ ሦስት ሳምንቱ ነው። አማቴ «ልጅቷን ምን ልታበሏት ነው?» አሉኝ። እናቴ፣ ወገቧን እያመማት እንኳ፣ ስለ ፒላተስ መስማት አትፈልግም። በሠራተኛ ወለድ በ7 በመቶ የወሰድኩት የቤት ብድር 1,800,000 ብር ይቀረዋል፤ እሱን እንደምንም እንከፍለዋለን። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ስለ ፒላተስ አንድ ገጽ ተኩል ጽፈሽ ስለ ቤት ብድሩ የጻፍሽው አንድ መስመር ነው። በእኔ ግምት የጠባችሁ ሥር ያለው እዚያች መስመር ላይ ነው።

«ሥራ ነው?» ሲልሽ የሰማሽው ንቀት ነው። ንቀትም ሊኖርበት ይችላል። ግን የባንክ ሠራተኛ ሥራውን ሲለቅ የቅናሽ ወለዱ ምን እንደሚሆን ከሱ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እንደ ውሉ ወይ ቀሪው ባንዴ ይጠየቃል፣ ወይ ወለዱ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ይሆናል። ወደ 17 በመቶ ቢወጣ ልዩነቱ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 180,000 ብር ገደማ ነው፤ በወር 15,000። «እንደምንም» ያልሽው ይህንን ነው።

እናንተ ቤት አንቺ ተስፋውን በሙሉ፣ እሱ ፍርሃቱን በሙሉ ተሸክማችኋል። እሱ ስለሚፈራ አንቺ መፍራት አቁመሻል፤ አንቺ ስለማትፈሪ እሱ የአንቺንም ድርሻ ደርቦ ይፈራል። ጃክ ብሬም የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1966 እ.ኤ.አ. እንደገለጸው፣ ሰው ምርጫው ሊነጠቅበት እንደሆነ ሲሰማው ያንኑ ምርጫ አጥብቆ ይይዛል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዕቅድሽን ስትከላከዪ ከርመሻል፤ ስትመረምሪው ግን አልነበረም። ብድር ክፍል የሚቀርብልሽን ማመልከቻ በዚህ ዓይን አይተሽ ታጸድቂው ነበር?

እስቲ እንየው። አሁን በሳምንት 3 ክላስ፣ በክላስ 8 ሰው፣ በሰው 400 ብር ታስከፍያለሽ፤ ጂሙ 40 በመቶ ይወስዳል። «15 ክላስ ባደርገው በወር 115,200 ብር አገኛለሁ» ብለሻል። ስሌቱ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ግምቱ ነው፤ ክላስሽ የሚሞላው ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ስለሆነ ነው፤ እንዳንቺ ያለው ሠራተኛ ከቢሮ የሚወጣው ያኔ ነው። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ 8 ሰው አይመጣም። ስድስት የምሽት ክላስ በ8 ሰው፣ ስድስት የቀን ክላስ በ3 ሰው እንበል፤ የጂሙ ድርሻ ተነሥቶ በወር 63,360 ብር ይሆናል። ከአምስት ተመዝጋቢ አንዱ ቢቀር 50,688። ዐቢይ ጾም፣ ክረምትና የበዓል ሰሞን ተደምረው የሁለት ወር ገቢ ቢበሉብሽ፣ በዓመቱ ሲካፈል 42,240 ብር።

ደመወዝሽ ማለት ነው። ያውም ግብር ሳይነሣ፣ አሠሪ የሚጨምርልሽ 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሳይኖር፣ ሁለተኛ ልጅ ብትወልጂ በሕጉ የሚሰጠው 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ ሳይኖር፣ የብድሩም 15,000 ሳይታሰብ። ሙያው አያዋጣም እያልኩ አይደለም። ዋጋ በመጨመር፣ የአንድ ለአንድ ክፍለ ጊዜ በማብዛት፣ የቀረ ሰው ከ24 ሰዓት በፊት ካላሳወቀ እንዲከፍል በማድረግ ቁጥሩ ይቀየራል። ሪፎርመር የሚባለውን ባለ ስፕሪንግ የፒላተስ መሣሪያ በብድር መግዛትን ግን ለጊዜው እርሺው፤ የሙያው ፈጣሪ ጆሴፍ ፒላተስ ራሱ 34ቱን መሠረታዊ እንቅስቃሴ ያዘጋጀው በምንጣፍ ላይ ነው።

ስለ አለቃሽ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ነገ ቢቀየር ትለቂያለሽ? መልሱ «እንጃ» ከሆነ እየሸሸሽ ነው፤ ለሽሽት ደግሞ የሥራ ክፍል ዝውውርም ይበቃል።

መልሱ «አዎ» ከሆነ ፈትኚው። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ በ9 ዓመት አገልግሎት 20 የሥራ ቀን ገደማ የዓመት ፈቃድ አለሽ። ሁለት ሳምንቱን ውሰጂና በየሳምንቱ 12 ክላስ አስተምሪ። በየቀኑ ሦስት ነገር መዝግቢ፦ በቀኑ ክላስ ስንት ሰው መጣ፣ ማታ ድምፅሽና ወገብሽ እንዴት ሆኑ፣ ለልጅሽ ምን ያህል ትዕግሥት ተረፈሽ። ጀማሪ አሠልጣኞችን የሚጥለው ሁሉንም እንቅስቃሴ አብሮ መሥራት ነው። በሳምንት ሦስት ክላስ ይቻላል፤ በ12 ግን ሰውነትሽ ያልቃል፣ የተማሪውንም ስህተት አታዪም። አንዴ አሳይተሽ ተነሺና በዓይንና በቃል አስተምሪ።

አሁን ወደ ባለቤትሽ። የምፈራልሽ ይህን ሁሉ ስሌት በኤክሴል አሳምረሽ ፊቱ እንዳትዘረጊው ነው። እሱ የብድር ኮሚቴ አይደለም፤ ያለቀ ውሳኔ ፈርም የተባለ ይመስለዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ልጅቷን እናትሽ ጋ አድርሺና ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግር ውጡ። መንገዱ ሰፍቷል፤ ጎን ለጎን የሚሄድ ሰው ደግሞ ፊት ለፊት እንደተቀመጠ አይፋጠጥም። መጀመሪያ የምትናገሪው አንቺ ነሽ፤ የምትናገሪው ግን የእሱን ፍርሃት ነው። ለምሳሌ፦ «ብድሩን እንደምንም ማለቴ ልክ አልነበረም። እኔ ከለቀቅሁ ቤቱ በአንተ ደመወዝ ላይ ብቻ እንደሚወድቅ አስበህ እንቅልፍ እንዳጣህ ይመስለኛል። ተሳሳትኩ?» «እሱ ነው» እስኪል ድረስ ያልሽውን አርሚ፣ የሚልሽን አታስተባብዪ። ከዚያ በኋላ ብቻ ሥራው ላንቺ ምን እንደሆነ እሱ በራሱ ቃል እንዲነግርሽ ጠይቂው። ነገሩ ከጋለ ቢያንስ 20 ደቂቃ ማክያቶ ጠጡበት፤ የተቆጣ ሰውነት ከዚያ ባነሰ ጊዜ አይበርድም። በዚያ ቀን ምንም አትወስኑ።

ውሳኔው በሌላ ቀን ይሁን፤ ያኔም «ትልቀቅ ወይስ አትልቀቅ» ብላችሁ ሳይሆን «ምን ሲሟላ ትልቀቅ» ብላችሁ ተነጋገሩ። ሦስት ነገር በወረቀት አስፍሩ፦ ሥራ ከመልቀቅሽ በፊት የሚቀመጥ የስድስት ወር የብድር ክፍያ፣ በሦስት ተከታታይ ወር መድረስ ያለበት ገቢ፣ እና በስንት ወር ካልደረሰ ወደ ቅጥር እንደምትመለሺ። ሦስተኛውን የሚጽፈው እሱ ይሁን፤ ፍርሃቱ ቦታ አግኝቶ ይቀመጣል። የብድሩን ውል አብራችሁ ሳታነቡ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያሽን አታስገቢ። አማትሽን በዚህ መካከል ለሽማግልና አትጥሪያቸው፤ ልጃቸው እንዳይሸነፍ ይቆማሉ እንጂ አያስታርቁም። መልስ የሚሰጣቸውም ባለቤትሽ ነው፣ አንቺ አይደለሽም።

እናትሽን በክርክር አታሳምኛቸውም። ወገባቸውን ካመማቸው ሐኪም ካዩ በኋላ ቤት ውስጥ በሳምንት ሁለት ቀን፣ 15 ደቂቃ ብቻ አሠሪያቸው። የአጥንት መሳሳት እንዳለባቸው ሳይጣራ ግን ጀርባ አጉብጦ የሚያስነሣውን ሮል አፕ አትሞክሪ። በጀርባቸው ተኝተው ጉልበታቸውን አጥፈው ዳሌያቸውን ቀስ ብሎ ማንሣት ለመጀመሪያ ይበቃቸዋል።